አባቴ የገለበጡት መዝገብ

በባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር፣ አራት ረጃጅም የቆርቆሮ መጋዘኖች ነበሩ። አሁን ስለ እነሱ ሳነሣ ወጣቶቹ "የትኞቹ?" ይሉኛል። በእኛ ጊዜ ግን የከተማው እኩሌታ እንጀራውን የሚበላው ከዚያ ነበር። ኮርፖሬሽኑ እንለዋለን። የራሱ ስም ነበረው፣ የደብዳቤ ራስጌ ላይ አንድ መስመር ሙሉ የሚይዝ ስም፤ ነገር ግን ማንም በስሙ ጠርቶት አያውቅም። ከደራም ከመሸንቲም ከሐይቁ ማዶም ከገበሬ ኑግና ተልባ ይገዛል፣ ዘይት ይጨምቃል፣ የተረፈውን ወደ ውጭ አገር ይልካል። አብዮቱ እንደፈነዳ ከነጋዴዎች የተወረሱ መጭመቂያዎችና መጋዘኖች ተሰባስበው የተቋቋመ ነው። እየሰፋ ሄዶ በየወረዳው የመግዣ ጣቢያ፣ ሐይቁ ላይ ሁለት ጀልባ፣ የራሱ ጋራዥ፣ የራሱ ክበብ፣ የራሱ እግር ኳስ ቡድን ነበረው። ቡድኑ ሲያሸንፍ አንድም ቀን አላየሁም። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ግን "አመርቂ ውጤት አስመዝግቧል" ተብሎ ይጻፋል። ሪፖርቱን የምተይበው እኔ ስለነበርሁ አውቃለሁ፤ ሳቄን አፍኜ ነበር የምተይበው። ኑጉም እንደ እግር ኳሱ መሆኑን ገና አላወቅሁም።

አባቴን እዚያ ቢሮ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል።

አባቴ የመጽሐፍ ጸሐፊ ነበሩ። ከሐይቁ ማዶ ባለ ደብር ተቀምጠው፣ ብራና እየፋቁ፣ ቀለም እየበጠበጡ፣ ዳዊትና ገድል ሲገለብጡ ነው የኖሩት። የደብሩ መሬት ለገበሬ ሲከፋፈል የጸሐፊው ድርሻም አብሮ ሄደ። አባቴ መሬቱ ለአራሹ መሰጠቱን አልጠሉም፤ አራሹማ ሲያርስ ኖሯል ይሉ ነበር። ብቻ የሚበሉት አጡ። እናቴ ቀደም ብላ ሞታ ስለነበር መቃ ብዕራቸውንና ቅያሪ ልብሳቸውን በአንድ ከረጢት ይዘው እኔ ዘንድ መጡ። ባለቤቴ ሰሜን ግንባር ነበር። እኔ አንዲት ጡት ያልጣለች ሴት ልጅ ይዤ፣ በአንድ ክፍል ቤት፣ በታይፒስት ደመወዝ እኖራለሁ። አባቴ ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ተቀምጠው ለጎረቤት ልጆች ደብተር ላይ ስም ሲጽፉ ይውላሉ። ልጆቹ ሲያልቁባቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ያን ማየት አልቻልሁም።

አንድ ቀን ለቀበሌ የሚሆን ማመልከቻ ጽፈውልኝ ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ ባስቀምጠው የሂሳብ ሹሙ ዓይን ውስጥ ገባ። ይህ ሰው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ሰው ሲያናግር ከወንበሩ የሚነሣ ትሑት ሰው ነበር። ክፉ ሰው ምን እንደሚመስል ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ምንም አይመስልም። ወረቀቱን አንሥቶ አርቆም አቅርቦም አየውና ይህን የጻፈው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። በሳምንቱ አባቴ የኮርፖሬሽኑ መዝገብ ገልባጭ ሆነው ተቀጠሩ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ ዳቦ ቆረስሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከየጣቢያው የግዢ ዝርዝር ይመጣል። ሹሙ ዝርዝሩን ደምሮ፣ አቀናብሮ፣ በእርሳስ ረቂቅ ያወጣል። አባቴ ረቂቁን በቀለም ወደ ትልቁ መዝገብ ይገለብጣሉ። ዓመቱ ሲያልቅ መዝገቡ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ እዚያም ሰዎች በጽሕፈቱ ውበት ተደንቀው ገጹን ለጎብኚ ያሳዩ ነበር ሲባል ሰምተናል። የእርሳሱ ረቂቅ ደግሞ፣ ወረቀት በጣም ይቸግር ስለነበር፣ በላጲስ ይጠፋና ሌላ ይጻፍበታል። ላጲሱን የሚይዘው ራሱ ሹሙ ነው። በቁጠባው በስብሰባ ላይ ተመስግኖበታል፤ እኔም ካጨበጨቡት አንዷ ነኝ።

በመጀመሪያው ወር አባቴ ጉድ ሠሩ። በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የከበረ ስም የሚጻፈው በቀይ ቀለም ነው። አባቴም የኮርፖሬሽኑን ስምና የወሩን ትርፍ ለክብሩ ብለው በቀይ አስጊጠው ጻፉት። ሹሙ መዝገቡን ገልጦ ክው አለ፤ በሂሳብ ሥራ ቀይ የኪሳራ ነውና። ቢሮው በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። አባቴ ግን የክብሩን ቀለም ለኪሳራ ያዋለው ማን እንደሆነ በቁም ነገር ጠየቁ። ከዚያ ወዲያ ቀይ አልነኩም።

አንድ ልማድ ግን አልተዉም። መጽሐፍ የሚገለብጥ ሰው ሥራውን ሲጨርስ በመጨረሻው ገጽ ላይ ስሙን፣ የክርስትና ስሙን፣ አገሩንና የጨረሰበትን ቀን ይጽፋል፤ የሚያነበውም ሁሉ በጸሎቱ እንዲያስበው ይለምናል። ይህ ካልተጻፈ መጽሐፉ ያለቀ አይመስላቸውም። የዓመቱን መዝገብ በጨረሱ ጊዜም ከድምሩ በታች ይህንኑ ጻፉ፤ ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ ድካሜን አይታችሁ አስቡኝ አሉ። የፖለቲካ ኃላፊው አይቶ ተቆጣ፣ ጸሎት በመንግሥት መዝገብ ላይ ምን ይሠራል ብሎ። ሹሙ ሳቅ እያለ አበረደው። ሽማግሌ ናቸው ተዋቸው፣ ገጹንም ያሳምረዋል አለ። ራሱ ሹሙ በመዝገቡ ላይ አይፈርምም፤ የሚፈርመው በሸኚው ደብዳቤ ላይ ነው። በአራት ዓመት አራት መዝገብ ተጻፈ። በአራቱም መጨረሻ ላይ ያለው ስም የአባቴ ብቻ ነው።

ዕቅዱ በየዓመቱ ያድግ ነበር። ኑግ ግን በዕቅድ አይበቅልም፤ ዝናብ ይፈልጋል፣ ገበሬውም የሚከፈለው ዋጋ ሲያንስበት ወደ ጓዳው ይደብቀዋል። እኛ ግን በየዓመቱ ከዕቅድ በላይ ነበርን። በጨርቅ ላይ የተጻፈ ምስጋና ክበቡ ግድግዳ ላይ ተሰቀለልን። ሥራ አስኪያጁ ወደ ላይ ተሹሞ ሄደ፣ ሌላ መጣ፣ እሱም ከዕቅድ በላይ ሆነ።

በሦስተኛው ዓመት አባቴ አንድ ነገር አስተዋሉ። የአንበሳሜ ጣቢያ ኑግ አንድ ጊዜ አንበሳሜ እንዳለ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ባሕር ዳር መጋዘን እንደገባ ተጽፏል። ያው ጆንያ ነው፤ ቀኑም ሚዛኑም አንድ ነው። ረቂቁን ይዘው ወደ ሹሙ ጠረጴዛ ሄዱ። በእኔና በሹሙ ጠረጴዛ መካከል ያለው አንድ የፋይል ሣጥን ብቻ ነበር። የቀሩት ሠራተኞች ለስብሰባ ወጥተው በክፍሉ ያለነው ሦስታችን ብቻ ነን። ጣቴን ከታይፑ ላይ አንሥቼ አዳመጥሁ። አባቴ ጓድ የሚለው ቃል አፋቸው ላይ አልሄድ ብሏቸው ሹሙን እንደ ደብር አለቃ ነበር የሚጠሩት።

"አለቃ፣ ይህ ኑግ ሁለት ጊዜ ተጽፏል" አሉት።

ሹሙ እንደ ልማዱ ከወንበሩ ተነሣ። "መሪጌታ፣ ዳዊት ሲገለብጡ ከፊትዎ ባለው መጽሐፍ ላይ ስሕተት ያዩ እንደሆነ ምን ያደርጋሉ?"

"እኔማ ምን ሥልጣን አለኝ። ከራሴ አልጨምርም፣ አልቀንስም። ለመምህሬ አሳያለሁ።"

"እንግዲያው ለእኔ አሳይተውኛል፤ አይቼዋለሁ። አሁን እንዳለ ይጻፉት።"

አባቴ ረቂቁን ይዘው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ቢሮ ውስጥ ያደገ ሰው ቢሆን ኖሮ ትእዛዙን በጽሑፍ ይስጡኝ ይል ነበር። አባቴ ግን ሕይወታቸውን ሙሉ በአንድ ሕግ ነው የኖሩት፤ ገልባጭ ያሳያል፣ መምህር ይወስናል፣ ኃላፊነቱም የመምህሩ ነው። መምህሩ ራሱ ሐሰተኛ ቢሆን ምን እንደሚደረግ ማንም አላስተማራቸውም። ቁጭ ብለው ብዕራቸውን አነሡና ያንኑ ኑግ ሁለተኛ ጊዜ በዚያ በሚያምር እጃቸው ጻፉት።

ማታ በሐይቁ ዳር ወደ ቤት ስንሄድ ሰምቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሰምቻለሁ አልኋቸው። እንግዲህ አሳይቻለሁ አሉ፣ ምስክር እንደሚፈልግ ሰው ዓይኔን እያዩ። አዎ አሳይተዋል፣ አለቀ፣ ከዚህ በኋላ እኛን አይመለከትም አልኋቸው። የሁለታችን ደመወዝ ተደምሮ ወር ከወር ማድረስ የጀመረው በዚያ ዓመት ነበር። ከዚያ ስለ ልጄ ጥያቄ ማብዛት እያወራን ገባን።

መጨረሻው የመጣው ባላሰብነው በኩል ነው። ተቆጣጣሪ አልመጣም፣ ጠቋሚም አልተነሣ። ዋናው መሥሪያ ቤት ለአንድ የውጭ አገር ገዢ ብዙ ኑግ ሸጠና በመዝገቡ ላይ ያለውን ሁሉ እንድንልክ አዘዘ። አምነውን ነው። ከባድ መኪኖች ከመጋዘኑ በር እስከ ዋናው መንገድ ተሰልፈው ቆሙ፤ የከተማው ሰው ይህን ሀብት አይቶ ኮራ። የመጀመሪያው ቀን ጭነት በደኅና ሄደ። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከፊት ያለው የጆንያ ግድግዳ አለቀና ከኋላው ያሉት ጆንያዎች ቀለል አሉ። አንድ ተሸካሚ አንዱን በአንድ እጁ ወደ ትከሻው ወረወረው። ያን ያየ የመኪና ረዳት ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመ። ጆንያው ሲቀደድ ገለባ ነው። ሁለተኛው መጋዘንም እንደዚሁ ሆነ። በሦስተኛው ውስጥ እርግብ ብቻ ነበር።

ኑግ የሚያበጥሩት ሴቶች ጥላው ሥር ተቀምጠው ይህን ሁሉ ያዩ ነበር። አንድ ኃላፊ ሄዶ ጮኸባቸው። ከእነሱ አንዷ፣ ጆንያውን ስፉ ተባልን ሰፋን፣ በውስጡ ምን እንዳለ የጠየቀን የለም ብላ መለሰችለት። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹን መጠየቅ አላስፈለገም፤ ሁላችንም አንድ መልስ ነው ያለን።

ኮርፖሬሽኑ በአንድ ቀን አልሞተም። መጀመሪያ ደመወዝ ዘገየ፣ ቀጥሎ ቀረ። መጭመቂያው ቆመ። እስከዚያ ድረስ ከተማው ሁሌ ኑግ ኑግ ይሸት ነበር፤ ሽታው ከልብሳችን አይወጣም ብለን እናማርር ነበር፤ ሲጠፋ ሰው ደጃፉ ላይ እየወጣ የሚያሸት ሆነ። የክበቡ ወንበሮች ተሸጡ። ሁለቱ ጀልባዎች ተወሰዱ። ሾፌሮቹ ቤተሰባቸውን ጭነው ወደ ማክሰኝትም ወደ ሌላም አገር ተበተኑ። ኑጋቸውን በዱቤ ያስረከቡ ገበሬዎች ደረሰኛቸውን በላስቲክ ጠቅልለው መጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ። አባቴ በዚያ ሲያልፉ አንድ የአንበሳሜ ገበሬ ወረቀቱን አሳያቸው። አንብበው አዎ፣ ይህ በመዝገቡ ላይ አለ፣ እኔው ጽፌዋለሁ አሉት። ከተጻፈማ ይከፈለኛል ማለት ነው አለና ደስ አለው። አባቴ አጠገቡ ተቀመጡ። እስኪመሽ ድረስ እዚያው ከገበሬዎቹ ጋር ቁጭ ብለው ዋሉ።

ከዚያ መርማሪ ኮሚቴ መጣ። ክበቡ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው አራቱን መዝገብ አስመጡ። ረቂቅ የለም፤ ሁሉም በላጲስ ጠፍቷል። ሥራ አስኪያጆቹ አንዱ ተሹሟል፣ አንዱ ለትምህርት ወደ ውጭ ሄዷል። የመጨረሻውን ገጽ ሲገልጡ ስም፣ የክርስትና ስም፣ አገርና ቀን በጥሩ ጽሕፈት ተጽፎ አገኙ። ከመርማሪዎቹ አንዱ በሥራው ዘመን ሥራ ያቀለለለት ወንጀለኛ ይህ ብቻ እንደሆነ እየሳቀ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አባቴን ማክሰኞ ጧት ከቤት ወሰዷቸው። ጋቢያቸውን ብቻ ነው የያዙት።

በማግስቱ የሂሳብ ሹሙ ቤቴ መጣ። አንድ ኪሎ ስኳር ይዟል፤ ስኳር በወረፋ እንኳ በማይገኝበት ጊዜ። ለልጅሽ ነው አለኝ። ከበርጩማው ላይ ተቀምጦ በትሕትና፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ ሁሉን አስረዳኝ። በየሪፖርቱ ግርጌ፣ የተየበው ሰው ማን እንደሆነ እንዲታወቅ፣ የእኔ ስም ሁለት ፊደል አለ። ያን ሐሰት ቁጥር ሁሉ በታይፕ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ብዙ ካወራሁ ብዙ ይጠይቁኛል፤ አላውቅም ካልሁ ግን ነገሩ ይቀላል። አባቴም ቢሆኑ ሽማግሌ ስለሆኑ በምክር ይለቀቃሉ። ልጅ አለኝ፣ ባሌ ግንባር ነው፣ ልጅቱን ማን ያሳድጋታል?

ስኳሩን ተቀበልሁት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሠራሁት ሁሉ የሚያሳፍረኝ የትኛው ነው ብባል ስኳሩ ነው እላለሁ፤ ልጄም ሻዩን ወደደችው።

ክበቡ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ይጠይቃሉ፣ አንዱ ይጽፋል። መዝገቡን ወደ እኔ አዙረው ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ጠየቁኝ።

"የአባቴ ነው" አልሁ።

"አባትሽ ስሕተቱን ለሂሳብ ሹሙ አሳይቻለሁ፣ እሱ ነው እንዳለ ጻፍ ያለኝ ይላሉ። ያን ጊዜ አንቺ በክፍሉ ውስጥ ነበርሽ?"

"አላውቅም።"

"ነበርሽ ወይስ አልነበርሽም?"

"አላውቅም።"

እንዲህ ያለ መልስ የለም። ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ መኖር አለመኖሩን ያውቃል። የሚጽፈው ሰው ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ እንዳለ ጻፈው። ፈረምሁ። ስወጣ ፀሐዩ ሐይቁ ላይ ወድቆ ዓይኔን አጨለመው፤ ልጄ ያለችበት ጎረቤት ቤት የት እንደሆነ ለጥቂት ጊዜ ጠፋኝ።

ሰባት ዓመት ፈረዱባቸው። በምክር የሚባለው ነገር ውሸት ነበር። መጋዘን ጠባቂውም አብሮ ታሰረ። ሹሙ ምስክር ሆኖ ቀረበ፤ በኋላ በሌላ ከተማ በሌላ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሹም ሆነ ሲባል ሰማሁ። ደግሞ ከዕቅድ በላይ ሆኖ ይሆናል።

ሰባቱን ዓመት በሙሉ ስንቅ አመላለስሁ። አንድ ድርጅት ውስጥ ታይፕ መምታት ጀምሬ ነበርና ከሥራ በፊት እሄዳለሁ። አባቴ ምግቡን ሲቀበሉ ስለ ልጄ ይጠይቁኛል፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቁኛል፤ ስለዚያ ነገር ግን አንድም ቃል አልተነፈሱም። የኔ ቃል ፍርድ ቤት ተነብቦላቸው እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። በየቀኑ መንገድ ላይ የምናገረውን አዘጋጃለሁ፤ አባባ፣ እኔ በክፍሉ ነበርሁ፣ ሰምቻለሁ፣ ፈርቼ ነው ልላቸው። ከወህኒ ቤቱ ሽቦ ጋ ስደርስ ድስቱን አቀብዬ እመለሳለሁ። እስረኞቹ ማመልከቻ እንዲጽፉላቸው ሲለምኗቸው እምቢ እንደሚሉ፣ ፊደል ግን በቃላቸው እንደሚያስተምሩ አንድ የተፈታ ሰው ነገረኝ። ኩራት ነው ብሎ ቅር ብሎታል። እኔ ፍርሃት ነው ብዬ ዘጋሁት። በዚያው መካከል ባለቤቴ ከግንባር እንደማይመለስ የሚገልጽ ወረቀት መጣ። ያንም ለአባቴ የነገርኋቸው በሽቦው በኩል ነው። እሳቸው ጣታቸውን በሽቦው አሾልከው የነጠላዬን ጫፍ ያዙ፤ ጊዜው አልቋል እስኪሉን ድረስ አልለቀቁኝም።

ሲፈቱ ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ ጤናቸው ግን መጥፎ አልነበረም። ልጄ አድጋ ትምህርት ላይ ነበረች። በመጀመሪያው ሳምንት አዲስ ደብተር ይዛ ስሟን እንዲጽፉላት ሰጠቻቸው፤ ጓደኞቿ አያትሽ የእጅ ጽሑፍ አዋቂ ናቸው እያሉ አስጎምጅተዋታል። ደብተሩን አገላብጠው አዩና እናትሽ ትጻፍልሽ ብለው መለሱላት። ልጅቱ አኮረፈች። እኔ ዓይናቸው ነው ብዬ አሰብሁ። ደመወዜን ቆጥቤ፣ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼ መነጽር አስመጣሁላቸው፤ ሳልነጫነጭባቸውም አልሰጠኋቸውም፣ እንዲህ ያለ ዋጋ ወጥቶበታል፣ አሁን ደግሞ አይሆንም እንዳይሉኝ ብዬ። መረቁኝ። መነጽሩን አድርገው ጧት ጧት ዳዊት ይደግሙበታል። መጻፍ ግን አልጻፉም። ቂም ይዘውብኛል ብዬ አመንሁ፤ መጻፍ የማይፈልጉትም እኔን ለማሳየት ይመስለኝ ነበር። ቢቆጡኝ፣ አንድ ቀን ቢረግሙኝ፣ እንዴት ደስ ባለኝ።

በተፈቱ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የድሮ ደብራቸው ቄሰ ገበዝ በታንኳ ተሻግረው መጡ። ክንዳቸው ሥር የተጠቀለለ ብራና ይዘዋል፣ ተፍቆ፣ ተወጥሮ ደርቆ የተዘጋጀ። አባቴ ፊት ዘረጉት። ደብሩ ያለው ዳዊት በእርጥበት ተበልቶ ፊደሉ እየረገፈ ነው፤ የሚገለብጠው ሰው የለም፤ ወጣቶቹ ወይ ጦር ሜዳ ሄደዋል ወይ ከተማ ገብተዋል። ቀለቡን ደብሩ ይችላል፣ ጎጆም ተሠርቷል፣ መሪጌታ ብቻ እሺ ይበሉ አሉ። አባቴ መዳፋቸውን በብራናው ላይ አሳለፉት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በቀስታ። ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ ከኮርፖሬሽኑ ወዲህ አላየሁም። ከዚያ እጃቸውን አነሡና አልችልም አሉ።

ቄሰ ገበዙ ሲደነግጡ አይቼ ቸኮልሁ። ጠላ ልቀዳላቸው ማንቆርቆሪያውን ይዤ ቆሜ ነበር። "ዓይናቸው ደክሞ ነው አባ፣ አይቀየሟቸው" አልሁ።

"ዓይኔ ደኅና ነው" አሉ አባቴ። "ቄሰ ገበዝ፣ እኔ ሐሰት ጽፌአለሁ።"

ቄሰ ገበዙ ስለ መዝገቡ የሚናገሩ መሰላቸው። ያንማ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ እርስዎ ያመጡልዎትን ነው የገለበጡት፣ ማንም አይፈርድብዎትም አሉ።

"የመዝገቡን አይደለም። መዝገቡን ገለበጥሁት፣ ዕዳው የሰጠኝ ሰው ነው። በምርመራው ጊዜ ለአለቃ አሳይቻለሁ ብላቸው፣ ከቀናት በኋላ የሰማ አለ ወይ አሉኝ። አንድ ሰው በክፍሉ ነበረ። ያን ሰው ቀድመው ጠይቀውት አላውቅም ብሏቸዋል። ሰምቶ ደብቆን እንደሆነ እሱንም እናስገባዋለን አሉኝ። ወረቀት ስጡኝ አልኋቸው። በክፍሉ ማንም አልነበረም ብዬ በገዛ እጄ ጻፍሁና ፈረምሁ። በዕድሜዬ ከራሴ አውጥቼ የጻፍሁት ነገር እሱ ብቻ ነው።"

ማንቆርቆሪያው በእጄ ላይ ነበር። አባቴ ወደ እኔ አላዩም። በዚያች ቅጽበት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ሁሉ ያላዩኝ ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ አንድ ምስክር ነበራቸው፣ እሱንም በእጃቸው የሰረዙት ለእኔ ሲሉ ነው። ተናገሪ አልሁ ራሴን። ሁለት እርምጃ ነው፣ ሄደሽ እግራቸው ላይ ውደቂ።

ቄሰ ገበዙ ንስሐ እንዳለ፣ ለዚህም ከዚህ ለከበደውም ሥርየት እንዳለ በለሆሳስ ተናገሩ። አባቴ ንስሐ እንደገቡ፣ ካህኑም እንደፈቷቸው መለሱ። እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል ብዬ አምናለሁ፣ እጄን ግን እኔ ነኝ የማውቃት፣ በዚህች እጅ ዳዊት አልጽፍም አሉ።

"ያ ሰው አሁን በሕይወት አለ?" አሉ ቄሰ ገበዙ።

"አለ። ደኅና ነው።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ መጥቶ አልተናገረም?"

"ልጅ ነበረው" አሉ አባቴ።

ጠላውን ቀዳሁ። አንዲት ጠብታ አላፈሰስሁም። ቄሰ ገበዙ ጠጥተው፣ አባቴን ተሰናብተው፣ ብራናቸውን ጠቅልለው ወጡ፤ እኔ እስከ ሐይቁ ዳር ሸኘኋቸው። ታንኳው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ብራናውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩና ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ አንቺም በዚያው መሥሪያ ቤት ነበርሽ አሉ። ያን ሰው ታውቂዋለሽ?"

"አላውቅም" አልኋቸው።